የወረደው ትከሻ

“ትከሻው!” አለ መምህሩ። ላጲሱን ከእጇ ነጠቀና የሳለችውን ትከሻ ከወረቀቱ ላይ ሙልጭ አድርጎ አጠፋው። “ደግሞ አስተካከልሽው! ማን አስተካክይ አለሽ?”

ልብስ ሰፊዋ ከሰል ያጠቆረውን ጣቷን በሽርጧ ጠርጋ ቀና አለች። በክፍሉ መሀል፣ ከፍ ያለ የእንጨት ሳጥን ላይ፣ ከወገቡ በላይ ራቁቱን የተቀመጠው ሞዴል በሌላው ቀን ገበያ ውስጥ ጆንያ የሚሸከም ጎልማሳ ነው። የሸክም ኑሮ ቀኝ ትከሻውን ወደ ታች ጎትቶታል፤ ይህን ለማየት ስዕል መማር አያስፈልግም። እሷ ወረቀት ላይ ግን ሁለቱ ትከሻዎች እኩል ሆነው ተቀምጠው ነበር።

“ሳላየው ቀርቼ እኮ አይደለም፣ መምህር” አለች።

“አውቃለሁ። ዓይንሽማ አይቷል፤ እምቢ ያለው እጅሽ ነው። አንቺ ሰውየውን አልሳልሽውም እህቴ፣ ኮት ነው የሰፋሽለት!”

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ልጆቿ ሊሆኑ የሚችሉ ተማሪዎች ናቸው። “እትዬ መርፌ” ይሏታል፤ ስሙን ያወጡላት በፍቅር ስለሆነ አትቀየማቸውም። ሞዴሉም ሳይቀር ከሳጥኑ ላይ ሆኖ፣ “ኮቱን መቼ መጥቼ ልውሰድ?” ብሎ ክፍሉን እንደገና አሳቀው። እሷም ሳቀች፣ ከአንገት በላይ።

መምህሩ አልተሳሳተም። ዕድሜዋን የፈጀችው ደንብ ልብስ በሚሰፋ ድርጅት ውስጥ ነው። እዚያ የደንበኛ ጉድለት የሚታየው ለመሸፈን ብቻ ነው። ትከሻው ለወረደ ሰው በወረደው በኩል ስፖንጅ ይገባለታል። ጀርባው ለጎበጠ ስፌቱ ከፍ ይልለታል። አንድ እግሩ ላጠረ የአንደኛው ሱሪ እግር እጥፋት ይጨመርበታል፤ ሰውየውም መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን አድንቆ፣ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ሙያውን ያስተማራት ሰው፣ “ደንበኛ እውነቱን ቤቱ ያውቀዋል፤ እኛ ጋ የሚመጣው ለሰው ዓይን ብሎ ነው” ይል ነበር። እጇ በዚህ ነው ያደገው። አሁን በዚህ ዕድሜው ሌላ አመል አምጣ ቢሉት ከየት ያምጣ?

ወደ ማኅበረሰብ ኮሌጁ ያመጣትም የስዕል ፍቅር አልነበረም። በድርጅቱ የቅድ ክፍል ውስጥ አንድ ቦታ ሊለቀቅ ነው። ቅድ አውጪዎች ጨርቁን ለክተው፣ ቆርጠው ለሰፊዎች የሚያቀብሉ ናቸው፤ በመስኮት ብርሃን ቆመው ይሠራሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከምሳ በኋላ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። የስፌት መኪና ላይ የተቀመጠ ሰው ግን እስኪመሽ አይነሳም። ባሏን ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ በሙሉ አልታዘዝ ብሎታል፤ ጠዋት አጥባው፣ አብልታው ትወጣለች፣ ከዚያ ማታ እስክትመለስ ድረስ መስኮት ሥር ተቀምጦ ይውላል። ጎረቤት ምሳውን ያቀብለዋል፤ ከዚያ ውጭ ግን ውሃ ቢጠማው እንኳ ማሰሮው ያለበት ድረስ መድረስ ለሱ ሩቅ መንገድ ነው። ስትሠራ ልቧ እቤት ነው፤ መርፌ ጣቷን የሚወጋው በዚያ የተነሳ ነው። አለቃዋ፣ “የኮሌጁን ምስክር ወረቀት አምጪና ቦታው ያንቺ ነው። ካላመጣሽ ለሌላ እሰጠዋለሁ፤ ወንበር ባዶውን አይጠብቅሽም” ብላታለች። ምስክር ወረቀቱን ለማግኘት የቀራት ይህ የሰው ቅርጽ ስዕል የሚሉት የቅዳሜ ትምህርት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ያፈረችው ማፈር! በዚህ ዕድሜዋ የሰው ወንድ ራቁት ደረት አፍጥጣ ልታይ! ወረቀቱ ላይ ተደፍታ ላብ በላብ ትሆን ነበር። እያደር ግን ለመደችው፤ ከዚያም ወደደችው። ከሰሉ ወረቀቱን ሲነካ ሌላው ሐሳብ ሁሉ ዝም ይላል። በሳምንቱ ውስጥ ዝም የሚልላት በዚያ ሰዓት ብቻ ነው።

ትምህርቱ ሲያበቃ መምህሩ አጨበጨበ።

“ስሙኝ! የመጨረሻ ሥራችሁን ሰኞ ኮሪደሩ ላይ ትሰቅላላችሁ። ማክሰኞ ቀትር ላይ ፈታኞች እየዞሩ ያያሉ። ከቤታችሁ አንድ ሰው ሳሉ፤ እናት ይሁን፣ ወንድም ይሁን። ያልተሰቀለ ሥራ ውጤት የለውም። ሕጉ የኔ አይደለም፤ መጥታችሁ እንዳትለማመጡኝ።”

ሰፊዋ ዕቃዋን እየሰበሰበች በልቧ እፎይ አለች። የሷ ሥራ አልቋል፤ ተጠቅልሎ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ቆሟል። እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ባሏን ሸለብ ሲያደርገው ከበሩ ጀርባ ሆና ተደብቃ የሳለችው ነው። ተደብቃ የሆነው እሱ መታየት ስለማይወድ ነው፤ የመኝታ ቤቱን መስታወት እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አስዞሮታል።

የቤቷን ደረጃ ወጥታ ሳትጨርስ የዋርሳዋን ድምፅ ሰማች። የባሏ ታላቅ እህት ቅዳሜ ቅዳሜ ወንድሟን ልትጠብቅ ትመጣለች። ልቧ ደግ ነው፤ አፏ ግን መዝጊያ አልተሠራለትም። ሰፊዋ በሩን ስትከፍት ሴትዮዋ፣ ያንን የሚያህል ገላ ይዛ፣ ወንበር ላይ ወጥታለች። ስዕሉን በሁለት እጇ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ለጥፋ ይዛዋለች፤ በጥርሷ ስፒል ነክሳለች።

“መጣሽ? እጅሽ ይባረክ!” አለች ስፒሉን ሳታወጣ። “ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ልጠርግ ብዬ ሳገኘው እኮ ጮህኩ! ወንድሜን መልሰሽ አመጣሽልኝ! እይው እስቲ ትከሻውን! እይው እጁን፣ መሪ ሊይዝ የተዘረጋ ነው የሚመስለው! እንግዳ ሁሉ ይየው ብዬ ልሰቅለው ነው።”

ሰፊዋ ስዕሉን አየችው። በራሷ እጅ የሳለችውን ነገር ያን ጊዜ ገና ያየች መሰላት። በስዕሉ ውስጥ ባሏ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ሁለቱ ትከሻዎቹ እኩል ናቸው። ግራ እጁ እንደ ቀኙ ሁሉ ጣቶቹን ዘርግቶ ጉልበቱ ላይ አርፏል። የአፉ ጠርዝ አልተጎተተም። እያንዳንዷን መስመር ያሰመረችው እሱን እያየች ነው፤ ሆኖም ስትሮክ የመታው ሰው ወረቀቱ ላይ የለም።

ባሏ መስኮቱ ሥር ነው። ሰላም ስትለው ዓይኑን ከስዕሉ ላይ አላነሳም።

ይህ ሰው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ባልደረቦቹ “ጋሽ ፍሬን” ይሉታል፤ እሱ ፍሬን ሲይዝ የቆመ ተሳፋሪ አይንገዳገድም፣ እናቱ ጭን ላይ የተኛ ሕፃን አይነቃም ነበርና። ስንቱ ወጣት ሹፌር ከጎኑ ተቀምጦ ነው ሥራውን የተማረው። ከታመመ ወዲህ ግን ደጃፉን አልረገጠም። ሊጠይቁት ሲመጡ “ተኝቷል በያቸው” ይላታል። በስልክ ከሆነ ሌላ ሰው ነው፤ ንግግሩ ትንሽ ከመጎተቱ በቀር ሳቅና ጨዋታ ነው፤ “ተሽሎኛል፣ በእግሬ መሄድ ጀምሬያለሁ፣ በቅርቡ እመጣባችኋለሁ!” ይላቸዋል። እሷ ይህን እየሰማች ሳህን ታጥባለች።

“እትዬ፣ ይውረዱ እባክዎ፣ ይወድቃሉ” አለች ሰፊዋ።

“ልስቀለውና እወርዳለሁ።”

“እቴቴ፣ አውርጅው” አለ ባሏ።

“ምን ሆነሃል? እንዲህ አምሮብህ...”

“ማን ነው ያማረበት?” አለ። በደህናው እጁ ወደ ራሱ አመለከተ። “እስቲ ዞር በይና እዪኝ። ያ እኔ ነኝ?”

ሴትዮዋ ወንበሩ ላይ እንደቆመች ዞር ብላ ወንድሟን አየችው። ከዚያ ስዕሉን አየች። ስፒሉን ከአፏ አወጣች፤ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ የምትለው ጠፋት። ቀስ ብላ ወርዳ ወረቀቱን ጠቀለለችው።

“እናንተ ካልፈለጋችሁት እኔ ቤት ይሰቀል” አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ሾርባው ምድጃው ላይ ነው።” ስዕሉን በብብቷ ሸጉጣ ወጣች።

ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ቀሩ።

“ሆን ብዬ አይደለም” አለች ሰፊዋ።

“የባሰው እሱ ነው። ሆን ብለሽ ቢሆን ኖሮ አዝናልኝ ነው እል ነበር። ሳታውቂው ከሳልሽው ግን ልብሽ የሚፈልገው እሱን ነው። በይ እንግዲህ ከሱ ጋር ኑሪ። ሾርባ አጉርሺኝ አይል፣ ሽንት ቤት ውሰጂኝ አይል።”

“እንደሱ አትበለኝ!”

“ምን ልበልሽ ታዲያ? ስታጥቢኝ ሳሙናውን ነው የምታዪው። ሸሚዝ ስታለብሺኝ ቁልፉን ነው የምታዪው። የተያዘው እጄ እንጂ ዓይኔ አይደለም እኮ።”

እውነቱን ነው። ወጥ ቤት ገብታ ሾርባው ፊት ቆማ አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ ደግሞ ተናደደች። ጀርባዋ እስኪቆረጥ የምትለፋው ለማን ነው? በዚህ ዕድሜዋ ከሕፃናት ጋር ደብተር ይዛ የምትንከራተተው ለማን ብላ ነው? እሱን ማየት የፈራችው ስለጠላችው ነው እንዴ? ይህን ሁሉ ልትነግረው ሾርባውን ይዛ ተመለሰች፤ ፊቱን ስታየው ግን ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው። ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ ብቻ እየተሰማ በሉ።

በማግስቱ፣ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ባሏ ጠራት።

“ያንን ከሰልሽን አምጪ።”

“ለምን?”

“ልትስዪኝ ነዋ። ሸሚዜን አውልቂልኝ። ግን አደራ፣ እንዳትሰፊኝ።”

ሸሚዙን አወለቀችለት። ወንበሯን ፊት ለፊቱ አስቀመጠች፤ ወረቀቱን የዳቦ መክተፊያው ላይ በስፒል ወጠረችው። እሱ እንደ ሰርግ ፎቶ አገጩን ቀና አድርጎ ጠበቀ።

“ሞዴል መተንፈስ ይችላል?” አለ ትንሽ ቆይቶ።

“ይችላል። አያወራም እንጂ።”

“እንግዲያው ሌላ ሞዴል ፈልጊ።”

ፈገግ አለች። ከትከሻው ጀመረች። እጇ ወዲያውኑ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረላት፤ አጠፋችው። እንደገና አሰመረ፤ እንደገና አጠፋችው። ከዚያ ከሰሉን አስቀምጣ ዝም ብላ አየችው፤ እንዲህ ተቀምጣ አይታው አታውቅም። ግራ ትከሻው ከደረቱ ተለይቶ ወደ ታች ሄዷል። ክንዱ ሰው ያልለበሰው እጅጌ መስሎ ተንጠልጥሏል፤ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው መዳፉን ደብቀውታል። ያላሰበችው ነገር ደግሞ ነበረ። ቀኝ ጎኑ የሁለቱን ሥራ ብቻውን ሲሠራ ከርሞ ደንድኗል፤ የአንገቱ ጅማት ከወንበር በተነሳ፣ አልጋ ላይ በወጣ ቁጥር የታገለውን ትግል ሁሉ ይዟል። እሷ በሌለችበት ሰዓት ሁሉ ይህ ሰው እዚህ ብቻውን ሲሠራ ውሏል። በየቀኑ በሳሙና ስታልፈው የነበረ ገላ ነው፤ ይህን አላወቀችም።

“ሰዎቹ ሲመጡ ለምን እንደማላስገባቸው ታውቂያለሽ?” አለ ከመስኮቱ ውጭ እያየ። “ሲያዝኑልኝ ልችለው እችላለሁ። የማልችለው እንዳላዩ ሲሆኑ ነው። ዓይናቸውን ኮርኒስ ላይ ሰቅለው ስለ አየሩ ሲያወሩልኝ።”

እሷ እንባዋ ወረቀቱ ላይ እንዳይወርድ በክንዷ እየጠረገች ሣለች። ፊቷ ከሰል በከሰል ሆነ።

“ምን ያስለቅስሻል?”

“ገና አሁን አየሁህ” አለችው።

ሲያልቅ፣ “አምጪው” አለ። ደህናው ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ብዙ አየው። በጣቱ የወረደውን ትከሻ ከላይ እስከ ታች ተከተለው፤ ጣቱ ጠቆረ።

“እኔ ነኝ” አለ። ከዚያ ቆይቶ፣ “የት ነው የሚወሰደው ይኼ?” ብሎ ጠየቀ።

“ኮሌጁ ኮሪደር ላይ ይሰቀላል። ለፈተናው።”

“የትኛው ኮሪደር? የሹፌር ማሠልጠኛው ያለበት?”

“አዎ” አለች። ሐሳቡ ሳይመጣላት ቀርቶ አይደለም፤ እየመጣላት ስታባርረው ነበር። የማሠልጠኛው አስተማሪዎች እሱ ያሠለጠናቸው ልጆች ናቸው። የእነሱም አለቃ ያ ድሮ ትኬት ይቆርጥ የነበረው፣ እሱ መሪ አስይዞ ለሹፌርነት ያበቃው ረዳቱ ነው።

“ውሰጂው” አለ። “ቦታው እንዳያመልጥሽ።” ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። በቀኝ እጁ ግራ እጁን ሸፈነው።

ሰኞ ጠዋት ከሥራ አስፈቅዳ ኮሌጅ ሄደች። ኮሪደሩ ገበያ መስሏል፤ ተማሪዎቹ መዶሻና ስፒል እየተቀባበሉ፣ “የኔ አያት ተንጋደደች!”፣ “ያንተ ወንድም የኔን እናት ሸፈናት!” እየተባባሉ ይሰቅላሉ። “እትዬ መርፌ፣ እዚህ ጋ ቦታ ይዘንልዎታል!” ሲሉ ጠሯት። ቦታው ልክ ከሹፌር ማሠልጠኛው በር አጠገብ ነበር።

ከዚያ በር ረዳቱ ብቅ አለ። አሁን ሸበት ጣል ጣል አድርጎበታል፤ አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሏል።

“እትዬ! እንዴት ነዎት? ጋሽ ፍሬንስ? ባለፈው ስደውልለት በእግሬ ገበያ ደርሼ መጣሁ ብሎ ደስ አሰኘኝ እኮ። እኛ ጋ ሲመጣ የሚቀመጥበትን ወንበር ማንም አልነካውም ብዬ ነገርኩት፤ የሱ ነው።”

“ደህና ነው” አለች ሰፊዋ። ጥቅሉን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

“ምንድን ነው እሱ? ስዕል ነው? እርስዎ የሳሉት? ሲሰቀል ተማሪዎቼን ይዤ መጥቼ ነው የማየው!”

አመስግናው አለፈች። ልጆቹ ወደያዙላት ቦታ አልሄደችም፤ መምህሩ ብቻውን ወዳለበት ወደ ባዶው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ጥቅሉን ሳትናገር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት።

መምህሩ መነጽሩን አጠለቀ። አጎነበሰ።

“አንቺ ነሽ?” አለ በመጨረሻ።

“እኔ ነኝ።”

“ምን ትጠብቂያለሽ ታዲያ? ውሰጂና ስቀይው። አለፍሽ እኮ!”

“አልሰቅለውም።”

“ምን?”

“ይኼ የኔ አይደለም፣ መምህር። ገላው የሱ ነው። ለኔ ብሎ ስቀይው አለኝ እንጂ፣ ሲለኝ ፊቱን አይቼዋለሁ። ውጭ ያሉት ሰዎች ያውቁታል።”

“ለምን አሳየሽኝ ታዲያ?”

“መማሬን እንዲያውቁልኝ ነው።”

መምህሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ቢቸግረው ራሱን አከከ። “ያልተሰቀለውን ፈታኞቹ አያዩትም። እነሱ ካላዩት እኔ ማርክ ልሰጥሽ አልችልም። ሌላ ሥራ የለሽም?”

በመጀመሪያው ስዕል ላይ ቀና ብሎ የተቀመጠው፣ አሁን ዋርሳዋ ቤት ያለው ሰው ትዝ አላት። ሮጣ ብትሄድ ታመጣዋለች።

“የለኝም” አለች።

“እንግዲያው ለሚቀጥለው ዓመት ተመዝግበሽ ልትደግሚው ነው። ቦታውስ? ያልሽኝ የቅድ ክፍል?”

“ይሄዳላ” አለች። ስዕሉን መልሳ ጠቀለለችው።

“ግድግዳው እስከ ነገ ቀትር ክፍት ነው” አለ መምህሩ። “ልብሽ ከተመለሰ ይዘሽው ነይ።”

ወደ ቤት ስትሄድ መንገዱ ረዘመባት። ለአለቃዋ የምትለውን አሰበች፤ ከዚያ በስፌት መኪናው ላይ የሚጠብቃትን ዓመት አሰበች፤ ሆድ ባሳት። ያንን ቦታ ሌላ ሴት ስትይዘው፣ ከምሳ በኋላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትወጣ ታያታለች። ለባሏ ግን ይህን መንገር አይቻልም። ላንተ ብዬ ተውኩት ብትለው፣ ሸክም መሆኑን በራሷ አፍ እንደነገረችው ነው የሚቆጥረው። ደረጃው ላይ ቆማ ፈተናው ተላልፏል ልትለው ወሰነች።

በሩን ስትከፍት ግን ከመስኮቱ ዞሮ እሷን እየጠበቀ ነበር።

“ተሰቀለ?”

“ወደቅኩ” አለች፤ ፈታኞቹ ገና ነገ እንደሚመጡ እሱ አያውቅም።

“ወደቅሽ? ምን አሉ?”

“ትከሻው ልክ አይደለም አሉኝ።”

ከየት እንዳመጣችው አታውቅም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የምትሰማው ወቀሳ ይኸው ብቻ ስለሆነ፣ ሳትፈልገው ምላሷ ላይ ቀደመ። ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጫማዋን ለማውለቅ ጎንበስ አለች፤ ፊቷን እንዳያይ።

“ልክ አይደለም?” አለ። “የቱ ትከሻ?”

“ግራው። በቃ ተወው፣ እኔ...”

“ይኼ?” በደህናው እጁ የሸሚዙን ኮሌታ ያዘና ቁልፉ እስኪበጠስ ድረስ ወደ ታች ጎተተው። “ይኼ ነው ልክ ያልሆነው? ይኸው እዚህ ድረስ ወርዶ የለም እንዴ! ዕውሮች ናቸው? የት ያውቁኛል? መቼ መጥተው አዩኝ?”

“ራስህን አትጉዳ፣ ይበቃል...”

“አይበቃም! ዕድሜ ልክሽን የሰው ትከሻ በስፖንጅ ስታነሺ ኖረሽ፣ አንድ ቀን እንዳለ ብታወርጂው ልክ አይደለም ይሉሻል? እኔ አይቼዋለሁ። ልክ ነው! ከኔ በላይ የኔን ትከሻ ሊያውቁ ነው?” ፊቱ ቀልቷል፤ የተጎተተው የአፉ ጠርዝ ይንቀጠቀጣል። “ስልኩን አቀብዪኝ።”

“ለማን ልትደውል?”

“አቀብዪኝ አልኩሽ።”

አቀበለችው። በአውራ ጣቱ ቁጥሩን ፈልጎ ጆሮው ላይ ለጠፈው።

“ሄሎ፣ አንተ! እኔ ነኝ... ደህና ነኝ። ስማኝ። ነገ ጠዋት መኪና ይዘህ ትመጣና ኮሌጃችሁ ትወስደኛለህ... ሥራ አለኝ፤ ከመምህራን ጋር ነገር አለኝ... አይ፣ አይ፣ የምን ገበያ፣ ውሸቴን ነው የነገርኩህ። ከዚህ ወንበር እስከ አልጋዬ ነው የምሄደው።” ጭኑ ላይ ያረፈውን ግራ እጁን አየው። “ስማ፣ ስታየኝ እንዳትደነግጥ። ግራዬ በሙሉ ወርዷል። ደረጃውን ደግፈህ ታወርደኛለህ... ምን ያስለቅስሃል አንተ? ይልቅ በሰዓቱ ና!”

ሰፊዋ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ፣ አንዱን ውጭ አድርጋ ቆማ ቀረች። ነገ ኮሪደሩ ላይ ባሏ መምህሩን ያፋጥጠዋል። መምህሩ፣ “የቱን ስዕል? እሷ እኮ አልሰቀለችም” ሲለው ውሸቷ በዚያው ይገለጣል። ያን ጊዜ ጉዷ ነው። ሰው ፊት አታለልሽኝ ይላታል፤ ሲቆጣ ደግሞ ታውቀዋለች። አሁን “ዋሸሁህ” ብትለው ሁሉም ነገር ይቆማል። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ግን ያንን ስትለው ስልኩን መልሶ አንስቶ “ተወው፣ አትምጣ” ይለዋል፤ ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል።

ይቆጣኝ፣ አለች በልቧ። እዚያው ኮሪደሩ ላይ፣ ሰው እያየው ቆሞ ይቆጣኝ።

“እነዚህ መምህሮችሽ ስንት ሰዓት ነው የሚገቡት?” አለ ስልኩን ጭኑ ላይ ጥሎ።

“ሁለት ሰዓት” አለችው። “ቀደም ብለን ብንደርስ ይሻላል።”